ከስምንተኛ ፎቅ በላይ የመጣ ቅሬታ

ሐሙስ ጠዋት ወይዘሮ ይርገዱ የገቡበት አሳንሰር ስምንተኛውን ፎቅ አልፎ መውጣቱን ቀጠለ። ሕንፃው ስምንት ፎቅ ብቻ ነው።

አሳንሰሩን የሚጠግነው የእኛ ድርጅት ነው፤ ቢሯችንም እዚያው ሕንፃ ላይ፣ ስምንተኛው ፎቅ ነው። የእኔ ሥራ በፌስቡክ ገጻችን ለደንበኞች መልስ መስጠት ነው። ስልካችንን የሚያነሳ ስለሌለ ወይዘሮ ይርገዱ ከለጠፍነው የበዓል መልካም ምኞት ሥር ጻፉ፦ «አሥራ ዘጠነኛ ፎቅ ደርሻለሁ። አውርዱኝ። ባትሪዬ አሥራ አንድ በመቶ ነው።»

ሦስት ሰዎች ላይክ አደረጉላቸው።

ቴክኒሻናችን ልሣኑ አነበበው፤ አልደነገጠም። «ቀዩንና የምድር ቤቱን ቁልፍ አንድ ላይ ተጭነው እስከ አሥር ይቁጠሩ በያቸው። ይወርዳል» አለኝ።

በእኛ ቤት ግን ማንኛውም መልስ በወረቀት ታትሞ፣ ኃላፊው ፈርመውበት፣ ማኅተም ካልተመታበት ገጹ ላይ አይወጣም። ከእኔ በፊት የነበረችው ልጅ ሳታስፈርም «ይቅርታ» ብላ ጽፋ ነው የተባረረችው። ስለዚህ አተምኩት። ኃላፊያችን አቶ ሽመክት ስብሰባ ላይ ስለነበሩ በሩ ላይ ቆሜ ጠበቅኋቸው።

«ሠላሳ አራተኛ። ሰባት በመቶ» ብለው ጻፉ ወይዘሮዋ። ፈራሁ። 

አቶ ሽመክት ወጡና ወረቀቱን እንደቆሙ አነበቡት።

«‹ክብርት ደንበኛችን› የሚለው የታለ?»

«ጋሼ፣ ሴትዮዋ እኮ እየወጡ ነው።»

«ቢወጡም አክብሮት አይቀርባቸውም። ደግሞ ቁልፍ ምናምን በአደባባይ አይጻፍም። እሱን በሁለተኛው መልስ ታደርጊዋለሽ።»

አስተካክዬ እንደገና አተምኩ። ፈረሙ። ማኅተሙን ሁለት ጊዜ መቱት፤ የመጀመሪያው ደብዝዞ ነበር። «ክብርት ደንበኛችን፣ ቅሬታዎ ደርሶናል። በትዕግሥት ይጠብቁን» ብዬ ለጠፍኩ። የልሣኑን ቃል ልጨምርበት እችል ነበር። እንጀራዬን አሰብኩና ተውኩት።

ወዲያው መለሱልኝ፦ «እሺ ልጄ፣ እጠብቃለሁ። ስልሳ አንደኛ። አንድ በመቶ።»

ከዚያ በኋላ አልጻፉም። ሁለተኛው መልስ ተፈርሞ የወጣው ከአርባ ደቂቃ በኋላ ነው። ያነበበው የለም።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፣ ያኔ ሦስታችንም ወደ ጣሪያው ሮጥን። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። የአሳንሰሩ ገመድ ከጣሪያው ቀዳዳ ወጥቶ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይሳባል። የት እንደሚደርስ አይታይም።

«ስንተኛ ላይ ይሆኑ?» አሉ አቶ ሽመክት።

ልሣኑ ወደ ቀዳዳው ጎንበስ ብሎ አየ። «ገመዱ እያለቀ ነው» አለ።

የታችኛው ጫፍ ከቀዳዳው ወጣና ቀስ ብሎ በፊቴ በኩል አለፈ። በሁለት እጄ ያዝኩት። ይሞቃል፤ በዘይት ያንሸራትታል። ከእጄ ወጥቶ ወደ ላይ ሄደ።