የመምሬ ገዳሙ ቀኝ

መምሬ ገዳሙን ከበሽታው ይልቅ ያሸነፋቸው የሰው ሰላምታ ነው። ምእመን መንገድ ላይ አይቷቸው ነጠላውን ሲያስተካክል፣ ጎንበስ ብሎ ግንባሩን ለመስቀል ሲያዘጋጅ፣ ፊታቸውን ወደ አጥር አዙረው ይሸሻሉ። ቀኝ እጃቸው ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ ከትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ስትሮክ ነው ተባለ። በግራዎ አይባርኩ ያላቸው ሰው የለም፤ የደብሩ አስተዳዳሪ እንኳ «ይባርኩ እንጂ አባቴ፣ ምን ችግር አለው?» ብለዋቸዋል። እሳቸው ግን ግትር ናቸው፤ ግትርነታቸው አማኑኤል ገበያ ድረስ የታወቀ ነው። «ስባርክበት በኖርሁት እጅ ካልሆነ ይቅርብኝ» ብለው ቤታቸው ተቀመጡ። መስቀላቸውን ሚስታቸው ወይዘሮ ደብሪቱ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው በጉያቸው ያዙላቸው።

ወንጌላዊት ይህን ሁሉ የሰማችው ከወይዘሮ ደብሪቱ አፍ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ የምትሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት፤ ባልና ሚስቱ ከአማኑኤል ወዲያ ካለው ቀያቸው በሚኒባስ እየተሳፈሩ ወደ እሷ መመላለስ ከጀመሩ ሰንብተዋል። የመምሬ እግር በደንብ ተሽሎታል። ምላሳቸውማ መቼ ታመመና! እምቢ ያለው እጃቸው ነው። ዓይናቸውን አስጨፍና በጥጥ ብትነካው፣ በመርፌ ጫፍ ወጋ ብታደርገው፣ «የለም» ነው መልሳቸው። አንድ ቀን እንዲያውም «ልጀ፣ ይህ እጅ የኔ አይደለም፤ ሰው አደራ አስቀምጦብኝ የሄደ ነው» አሏት። እሷም ሳቀች።

የዚያን ቀን ጠዋት ወይዘሮ ደብሪቱ ደረጃው ላይ ነጠል አድርገው ያዟትና፣ «ተስፋ ቆርጠዋል። ‹ከዛሬ ወዲያ አልመጣም፤ እጁንም ክህነቱንም ለሰጠኝ መልሻለሁ› ብለውኛል» አሏት። «እንግዲህ የሆነ ነገር አድርጊ።»

ወንጌላዊት ምን ታድርግ? ያላት አዲስ ነገር አንድ ነበር። ክሊኒኩ ቪአር የሚሉት መነጽር ከተሰጠው ቆይቷል። ዓይን ላይ ሲታሰር ሌላ ዓለም ያሳያል፤ በሁለት እጅ የሚያዙ ሁለት ኮንትሮለሮች አሉት፤ በሽተኛው ሁሉ ግን ሪሞት ነው የሚላቸው። ሪሞቱን ጨብጦ እጁን ያንቀሳቀሰ ሰው መነጽሩ ውስጥ የገዛ እጁ ሲንቀሳቀስ ያያል። ችግሩ መጨበጥ ለማይችል ሰው ነው። እንደ መምሬ ላለው ሪሞቱን በፋሻ ከመዳፍ ጋር ማሰር፣ ለሚቀጥለው ደግሞ መፍታት፣ እንደገና ማሰር ነበር ሥራዋ። ስለዚህ ሁልጊዜ በፋሻ ተጠቅልለው የሚቀመጡ ተጨማሪ ሪሞቶች ይገዙልኝ ብላ ስትወተውት ከርማ፣ ያን ዕለት ጠዋት ደረሱላት።

አዲሶቹን ከመነጽሩ ጋር የማገናኘቱ ነገር ትዕግሥት ይጠይቃል። መነጽሩ በአንድ ጊዜ ከአንድ ግራና ከአንድ ቀኝ በላይ አያውቅም፤ አዲሱ ሲገባ አሮጌው ይወጣል። በስልኳ ላይ ያለው አፕሊኬሽን «የትኛውን ልጨምር?» ይላታል፤ ግራ ትለዋለች፤ የግራውን ሁለት ቁልፎች መብራቱ ብልጭ ብልጭ እስኪል ተጭና ትይዛለች፤ ኔትወርኩ ይሄዳል፤ እንደገና ትጀምራለች። መምሬ ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ «ይህች ልጅ ክርስትና ነው እንዴ የምታነሣቸው?» ይላሉ። በረንዳው ላይ ወረፋ የያዘው ሰው ያጉረመርማል። በመጨረሻ ሁለቱም ተገናኙ፤ ግራው ግራ፣ ቀኙ ቀኝ ሆኖ። ወንጌላዊት እፎይ ብላ እጀታቸውን በፋሻ ጠቀለለችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ግራና ቀኙን የሚለየው ትንሽ ምልክት በፋሻው ተሸፍኖ ነበር፤ እሷም ከጠረጴዛው ስታነሣ አቀያይራ አነሣች። የቀኙን ሪሞት በግራ እጃቸው አስያዘች፤ የግራውን በማይሰማው ቀኝ እጃቸው መዳፍ ላይ አሰረች። አላወቀችም።

ጥምጥማቸውን ካወለቁ በኋላ መነጽሩን አጠለቀችላቸው። መነጽሩ የሚያሳያቸው በስልኳም ላይ ይታያል፤ ወይዘሮ ደብሪቱ አንገታቸውን አስግገው አብረዋት ያያሉ። አንድ ጠረጴዛ፣ በላዩ ብርቱካን፣ ከጠረጴዛው በታች ደግሞ ሁለት እጆች ተቀምጠዋል።

«መምሬ፣ ሁለቱንም እጆችዎን አንድ ላይ ለማንሣት ይሞክሩ» አለች ወንጌላዊት። «ባይነሣም ይሞክሩ።»

መምሬ ተነፈሱ። ስልኩ ላይ ቀኝ እጅ ተነሣ።

ከወገብ ተነሣ፣ ደረት ላይ ደረሰ፣ ከፊታቸው ፊት ለፊት ቆመ። ጣቶቹ ሁሉ የተሟሉ፣ ደህና የቀኝ እጅ። ግራው ከታች እንደተቀመጠ ቀረ፤ ግን ሰው የለመነውን ሲያይ የቀረውን መች ይቆጥራል?

«ደብሪቱ!» አሉ መምሬ፤ ድምፃቸው የሕፃን ድምፅ ሆነ። «ደብሪቱ፣ ቀኜ!»

ወይዘሮ ደብሪቱ እልልታቸውን ለቀቁት። በረንዳው ላይ ያለው ወረፋ ምን እንደሆነ ሳያውቅ አብሮ እልል አለ። ወንጌላዊትም ልቧ ዘለለ፤ ከስልኩ ላይ ዓይኗን አንሥታ መምሬን ብታይ ግን፣ አየር ላይ ያለው ግራ እጃቸው ነው። ቀኙ በፋሻ እንደታሰረ ጭናቸው ላይ ተኝቷል።

ስሕተቷን ባንድ አፍታ ተረዳችው፤ ሪሞቶቹን፣ ፋሻውን፣ ጥድፊያዋን። ወይዘሮ ደብሪቱም ዓይኗን ተከትለው ባላቸውን አዩ። እልልታቸው መሐል ላይ ተቆረጠ። ወንጌላዊት «መምሬ…» ብላ ልትጀምር ስትል ወይዘሮ ደብሪቱ ክንዷን ጨመቁት። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። አፋቸው አልተናገረም፤ ዓይናቸው ግን ለመናት፤ ትንሽ ይደሰቱ፣ እባክሽ ትንሽ።

ወንጌላዊትም ዝም አለች። ዝም ማለቷ ውሸት መሆኑን ታውቃለች፤ ቢሆንም ያን ፊት አይቶ የሚናገር አንጀት አልነበራትም።

መምሬ ብርቱካኑን ከነጭራሹ ረሱት። «ይትባረክ እግዚአብሔር አምላከ አበዊነ» እያሉ እጃቸውን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ከዚያም ወደ ጎን አደረጉት። ሲባርኩ ነው። ስልኩ ላይ ያለው ቀኝ እጅ ባዶውን ክፍል ይባርካል።

«ደብሪቱ፣ መስቀሌን አምጭ» አሉ። «ነይ ተሳለሚ። መጀመሪያ አንች።»

ወይዘሮ ደብሪቱ መስቀሉን ከጉያቸው አወጡ። ጨርቁን ፈቱት። ከባላቸው ፊት ቆመው አንዴ የተነሣውን ግራ፣ አንዴ የተኛውን ቀኝ አዩ። ወንጌላዊት የት ሊያስቀምጡት ነው ብላ ጠበቀች። በግራ አስይዘው ቢሳለሙ የባላቸውን ቃል ራሳቸው ሊያፈርሱት ነው። ወይዘሮ ደብሪቱ ብዙ አላሰቡም። ተንበረከኩ፤ መስቀሉን ጭናቸው ላይ በተኛው ቀኝ እጅ ጣቶች ላይ በቀስታ አስቀመጡት፤ ግንባራቸውን አስነክተው መስቀሉንም ጣቶቹንም ሳሙ።

የተነሣው እጅ አየር ላይ ቆመ።

«ደብሪቱ» አሉ መምሬ ቀስ ብለው። «የት ነው የሳምሽ?»

ወይዘሮ ደብሪቱ መስቀሉን አንሥተው ወደ ጉያቸው መለሱት።

«እጄ እዚህ ላይ ነው፤ እያየሁት ነው። አንች ግን ታች ነው የሳምሽኝ።»

ወንጌላዊት ከዚህ በላይ አልቻለችም። «መምሬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሪሞቶቹን አቀያይሬ ነው የሰጠሁዎት። የተነሣው ግራዎ ነው። መነጽሩ ቀኝ አድርጎ አሳየዎት እንጂ ቀኝዎ አልተነሣም።»

መምሬ ግራ እጃቸውን ዝቅ አደረጉ። ስልኩ ላይም ቀኙ እጅ ዝቅ አለ። ወይዘሮ ደብሪቱ እንደተንበረከኩ ማልቀስ ጀመሩ፤ «እኔ ነኝ ዝም ያሰኘኋት፣ እሷን አይቆጧት» ይላሉ። ወንጌላዊት ቁጣውን ጠበቀች። ቢቆጧት በተሻላት ነበር። የአንድን አዛውንት ደስታ ሰጥቶ መቀማት ምን እንደሚመስል ያን ጊዜ ነው ያወቀችው።

«ቆዩ እስኪ» አሉ መምሬ። «አሁን ዝም በሉ ሁለታችሁም።»

ወይዘሮ ደብሪቱ እንባቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«ታች መሳምሽን እኔ በምን አወቅሁት?»

ወይዘሮ ደብሪቱ ቀና አሉ። ወንጌላዊት የጥጥ ብልቃጡ ጋ በሁለት እርምጃ ደረሰች። መነጽሩ እንዳለ ነው፤ መምሬ ከመነጽሩ ውጭ የሚደረገውን አያዩም። ፋሻውን ፈትታ ሪሞቱን አነሣች፤ መዳፋቸውን በጥጥ ዳበሰች። «አሁንስ?»

«የለም።»

በመርፌው ጫፍ ነካች።

«የለም አልሁሽ።»

ምናልባት የወይዘሮ ደብሪቱ ነጠላ ጉልበታቸውን ነክቶ ይሆናል፤ ምናልባት ድምፃቸውን ከታች ሰምተው ይሆናል። ይህን ለመናገር አፏን ስትከፍት ወይዘሮ ደብሪቱ በክንዳቸው ገለል አደረጓት። የቄስ ሚስት ናቸው፤ በሰው ፊት የባላቸውን ስም እንኳ ጠርተው አያውቁም። አሁን ነጠላቸውን ወደ ኋላ ጣል አድርገው ያንን የተኛ እጅ በሁለት እጃቸው አነሡና ትንሿን ጣት ሳሙ። ድምፅ የለም፣ ልብስ አልነካም።

መምሬ ዝም አሉ።

ቀጣዩን ሳሙ። መሐለኛውን ሳሙ፤ አመልካቹን ሳሙ። ወንጌላዊት መቆሟን ረስታ ቆማለች። ወይዘሮ ደብሪቱ አውራ ጣቱን ሳሙ፤ ከንፈራቸውንም አላነሡም።

«አውራ ጣቴ» አሉ መምሬ። «እሱን ነው። ሞቀኝ።»

ወይዘሮ ደብሪቱ እያለቀሱ ወደ ትንሿ ጣት ተመለሱና ሳሙ።

«አሁን የለም።»

እንደገና አውራ ጣቱን።

«አለ!» አሉ መምሬ፤ ጮኹ ማለት ይቀላል። «ይኸ የኔ ነው! ይኸ ጣት የኔ ነው!»

ከመነጽሩ ሥር እንባቸው በጢማቸው ላይ ወረደ። ወንጌላዊት የሷም ዓይን በእንባ ተጋርዶ፣ መነጽሩን ልታወልቅላቸው እጇን ሰደደች። መምሬ በደህናው እጃቸው ያዟት።

«ተይው ልጀ፣ እዚያው ይቆይ» አሉ። ከዚያ ወደ ሚስታቸው ዞሩ፤ ወዳሉበት አቅጣጫ ሳይሆን ትንሽ ሳት ብለው፣ እንደ ዓይነ ስውር።

«ደብሪቱ» አሉ፣ «ድገሚው።»

ወይዘሮ ደብሪቱ ደገሙት።