የፎጣው ቋጠሮ

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሆቴል ፎጣ አጥቤ፣ በሆቴል ፎጣ ገላዬን ያደረቅኩት ግን ባለፈው ዓመት ነው፤ እንግዳ ሆኜ። እስከዚያ ድረስ ፎጣን በእጄ እንጂ በጀርባዬ አላውቀውም ነበር።

የሄድነው ሦስት ሆነን ነው፤ እኔ፣ ልብስ ሰፊው ባለቤቴና የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጃችን። ልጅቱን ቤት ውስጥ «እሜቴ ደንብ» ነው የምንላት። መብራት ሳያጠፋ ከክፍል የወጣ ሰው፣ አባቷም ቢሆን፣ ከእሷ አያመልጥም። የዓመት ፈቃዴ ደርሶ ሐይቅ ዳር አንድ ሳምንት ልናሳልፍ መሆኑን ስትሰማ፣ ገና ስንቅ ሳንቋጥር ስብሰባ ጠራች። እረፍታችን ለምድር ሸክም መሆን የለበትም፣ እያንዳንዳችን አንድ ነገር መርጠን ሳምንቱን ሙሉ እንጠብቅ አለችን። እሷ መንገዱን መረጠች፤ አባቷ ሊከራይ ያሰበው መኪና ቀርቶ በባቡር እንድንሄድ ተወሰነ። አባቷ ደግሞ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ሦስት ቦርሳ ሰፍቶ፣ አንድም ፌስታል እጃችን እንዳይገባ ማለ። የእኔ ተራ ሲደርስ «አንድ ፎጣ፣ አንድ ሳምንት» አልኩ።

ሳቁብኝ። ይሄማ ትንሽ ነው፣ ሌላ ጨምሪ አሉኝ። እኔ ደግሞ ሥራዬን ሲያቃልሉብኝ ደሜ ቶሎ ይፈላል። ፎጣ ማለት ውሃ ጠጪ ፍጥረት እንደሆነ፣ ታጥቦ፣ ተለቅልቆ፣ እንደገና ተለቅልቆና ተጨምቆ እስኪሰጣ ድረስ ስንት ባልዲ እንደሚውጥ፣ ያም ሁሉ አንድ ሰው አንዴ ፊቱን ስላበሰበት ብቻ እንደሆነ አስረዳኋቸው። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም። ልጄ ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

ባለቤቴ ግን አንድ ነገር ጨመረብኝ። ጣቶቼ መሀል ያለው ቆዳ በሳሙናና በበረኪና ተሰነጣጥቆ፣ ጨው ሲነካው ያስለቅሰኛል። እጄን ይዞ አየውና፣ ሰባቱን ቀን የልብስ ሳሙና እንዳልነካ፣ የማጠቢያ ክፍል በርም እንዳልረግጥ ቃል አስገባኝ። ሥራ ያየሁ እንደሆነ እጄን እንደማልሰበስብ ያውቃል። ስለዚህ ሁለት ቃል ይዤ ባቡር ተሳፈርኩ፤ እኔ ለማንም አላጥብም፣ ለእኔም ማንም አያጥብም። ሁለተኛውን የገባሁት ለልጄ ስለነበር ይበልጥ የምሳሳለት እሱን ነበር።

ሆቴሉ ስንደርስ ሐይቁን የሚያየው ክፍል አልቆ የጓሮው ደረሰን። ባለቤቴ አዘነ። እኔ ግን በመስኮቱ ወደ ታች ስመለከት የልብስ ማስጫው ገመድ ከዳር እስከ ዳር ነጭ በነጭ ሆኖ አየሁትና ደስ አለኝ። በደንብ የታጠበ ልብስ ፀሐይ ላይ ሲወዛወዝ ማየት እወዳለሁ፤ በተለይ ያጠብኩት እኔ ካልሆንኩ። መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ደግሞ አንዲት ካርድ ተሰቅላለች፤ ከሥሯ የኃላፊው ፊርማ አለባት። ልጄ ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ውድ እንግዳችን፣ ውሃ እንቆጥብ። የሰቀሉትን ፎጣ አናጥብም፤ መሬት የጣሉትን እንቀይራለን።» ከእኛ በፊት ያሰበ ሰው አለ ማለት ነው ብዬ ሆቴሉን መረቅኩት።

በማግስቱ፣ የሳምንታችን የመጀመሪያ ቀን፣ ሞተር የሌላት ጀልባ ይዘን ሐይቁ ላይ ዋልን። የቀዘፈው ባለቤቴ ነው፤ የመራችው እሜቴ ደንብ ናት፤ እኔ እጄን ውሃ ውስጥ ነክሬ ያለ ሥራ ተቀመጥኩ። ሳሙና የሌለው ውሃ እንዲህ ለስላሳ መሆኑን ረስቼው ነበር። ስንመለስ የሰቀልኩት ፎጣ የለም። በምትኩ እንደ ማራገቢያ የታጠፈ ሌላ ፎጣ አልጋዬ ላይ ተቀምጧል። ግንባሬን ቋጠርኩ። በሁለተኛው ቀንም እንደዚያው ሆነ። ልጄ ካርዷን በጣቷ እየተከተለች ደጋግማ አነበበችና ሆቴል ውሸት ይጽፋል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ደብተሯ ላይ በስሜ ትይዩ ሁለት ጭረት አየሁ፤ ሁለት ቀን ወድቄአለሁ ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን አንድ ዘዴ ትዝ አለኝ። እኛ ሥራ ቦታ፣ ጫፉ የተቋጠረ ፎጣ «ንጹሕ ነኝ፣ እለፉኝ» ማለት ነው። እኔ ስቀጠርም የነበረ ምልክት ነው፤ ማን እንዳመጣው አላውቅም፤ የዓለም አጣቢ ሁሉ የሚያውቀው ይመስለኝ ነበር። የፎጣዬን ጫፍ ቋጥሬ ሰቀልኩና፣ አሁን የሙያ ሰው ለሙያ ሰው ተናገረ ብዬ እየተኩራራሁ ወጣሁ።

ስንመለስ ፎጣው አልጋዬ ላይ ነው። ያው ራሱ መሆኑን ያወቀው ባለቤቴ ነው፤ ጠርዙ ተተርትሮ በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል፤ ምነው ነጭ ክር ጠፋ ብሎ አዘነለት። ቋጠሮው ተፈትቷል፣ ፎጣው በረኪና በረኪና ይሸታል። ክፍል የምታጸዳዋ ልጅ ነገሩ ሳይገባት ፈትታው ይሆናል ብዬ በአራተኛው ቀን ሁለት ቦታ ቋጠርኩት። ይባስ ብሎ ነጥቶ፣ ደርቆ፣ አፍንጫ የሚቆርጥ ሆኖ መጣ። አሁን ቂምም ቋጠርኩ። ታች ወርጄ አጣቢዋን ልክ ላስገባት ስነሣ ባለቤቴ በሩ ላይ ቆሞ የገባሁትን ቃል አስታወሰኝ። እሱ ሲስቅም መርፌ በከንፈሩ እንደያዘ ነው የሚስቀው፤ ያ ሳቁ ይበልጥ አናደደኝ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ፎጣውን ሦስት ቦታ ቋጠርኩት፤ የመጨረሻውን በጥርሴ አጠበቅኩት።

የዚያን ዕለት ከምሳ በኋላ ጋደም ብለን ሳለ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ቆማለች። ሽርጧ እስከ ጉልበቷ ረጥቧል፤ ያንን ባለ ሰማያዊ ክር ፎጣ በሁለት እጇ ይዛዋለች። ግቢ ብላትም አልገባችም፤ ዐይኗን መሬት ላይ እንደተከለች ነው የተናገረችው።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ። እድፉ የቱ ጋ እንደሆነ ቢያሳዩኝ ብዬ ነው።»

«የምን እድፍ?»

«መጀመሪያ ሲቋጥሩት ዘፈዘፍኩት። ሁለት ቦታ ሲቋጥሩት በረኪናውን ጨመርኩ። ዛሬ ደግሞ ሦስት ቦታ ቋጥረው ላኩልኝ። ፀሐይ ላይ ዘርግቼ አየሁት፤ ዐይኔ ደክሞ ይሆናል፣ አላገኘሁትም። ኃላፊው ጆሮ ሳይደርስ ያሳዩኝና ልሞክረው።»

እነሱ ጋ ቋጠሮ ማለት «እድፉ አልለቀቀም፣ ይዘፍዘፍ» ማለት ኖሯል።

ውሃ አድናለሁ ብዬ በንጹሕ ፎጣ ላይ ስንት ባልዲ አስፈስሻለሁ፤ ይህችን ሴት ደግሞ የሌለ እድፍ ፍለጋ ፀሐይ ላይ አቁሜአታለሁ፣ ለሥራዋ እስክትሰጋ ድረስ። ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእኔ ነው የተተረተው። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሁለት እጄን ዘረጋሁላት። መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ጎንበስ ብላ ጣቶቼ መሀል ያለውን ስንጥቅ አየችና የራሷን እጅ ከእጄ አጠገብ አደረገችው። ስንጥቃችን አንድ ቦታ ነው፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሀል፣ ልብስ ስንጨምቅ የምንጠመዝዝበት ቦታ።

«እርስዎም?» አለችኝ።

«አንቺ በይኝ» አልኳት። «ፎጣ ማጠብ ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው።»

አስገባኋትና አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጥኳት። የእኛን ቋጠሮ ትርጉም ስነግራት ፎጣውን አፏ ላይ አድርጋ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ለካ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፣ እኔ ስወቅጥ ከርሜአለሁ አለች። ልጄ ግን አልሳቀችም። ካርዷን ከመታጠቢያ ቤት አምጥታ፣ ታዲያ የተሰቀለው ለምን ይታጠባል ብላ ጠየቀች። አጣቢዋ የምን ካርድ አለች። እሷ እንግዳ ክፍል ገብታ አታውቅም፤ ክፍል አጽጂዎቹም የካርዷን አቧራ ይጠርጋሉ እንጂ፣ የተነገራቸው ጠዋት ጠዋት ፎጣ ሁሉ ወደ ታች ይውረድ ተብሎ ነው። ካርዷ የተጻፈችው ለእንግዳ ስለነበር ለሚያጥበው ሰው ማንም አላነበበለትም። ልጄ አነበበችላት። ድገሚልኝ አለቻት፤ ደገመችላት።

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። ፎጣው ቢቀንስ ሥራዋ ላይ እንዳይመጣባት ጠየቅኳት።

«አንሶላውና የጠረጴዛ ልብሱ እኔን እስኪያስረጅ ይበቃል» አለች። «ፎጣው ቢቀንስልኝ ቁርሴን ቁጭ ብዬ እበላለሁ።»

ካርዷን እንድንሰጣት ጠይቃን ሽርጧ ኪስ ውስጥ ከተተቻት። ከመሄዷ በፊት ፎጣውን ራሷ ሰቀለችልኝ፣ ሳይቋጠር።

በስድስተኛው ቀን ከሐይቁ ስንመለስ ፎጣዬ እንደሰቀልኩት ተንጠልጥሏል። ተጨማድዷል፣ ጫፉ ገና እርጥብ ነው፣ ትንሽ ትንሽ እኔን እኔን ይሸታል። ፊቴን ቀበርኩበት፤ ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ክፍል አጽጂዋን ኮሪደሩ ላይ ስናገኛት አጣቢዋ ካርዷን ይዛ ኃላፊው ቢሮ እንደገባች ነገረችን። ፊርማው የራሱ ነው፣ ምን ይበል? ጠዋቱን አጽጂዎቹን ሁሉ ሰብስቦ አንብቦላቸዋል፤ ካርዷም አሁን የማጠቢያው ክፍል በር ላይ ተለጥፋለች። ልጄ ደብተሯን አውጥታ በስሜ ትይዩ የመጀመሪያውን ጥሩ ምልክት አደረገችልኝ። አባቷ ያለፉትንም ቀናት ማሪያት ቢላት፣ ደንብ ደንብ ነው አለችው።

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ቦርሳዎቹን እየሸከፍን በመስኮቱ ወደ ጓሮው አየሁ። ገመዱ ላይ አንሶላዎቹ አሉ፤ ፎጣ ግን እዚህም እዚያም አንዳንድ ብቻ ነው፤ መሀሉ ክፍት ሆኗል። በክፍተቱ ውስጥ እሷ ትታያለች። ያን ሁሉ ቀን እዚያው ነበረች ማለት ነው፤ ፎጣው ሸፍኗት ነው ያላየኋት። ባልዲ ደፍታ ተቀምጣ፣ ዳቦዋን እየቆረሰች በዝግታ ትበላለች።

ቀና ስትል አየችኝ። ሁለት እጄን በመስኮቱ አውጥቼ እያገላበጥኩ አሳየኋት፤ በሰባት ቀን ስንጥቁ ገጥሟል። እሷም ዳቦዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ሁለት እጇን አነሣችልኝ። ደረቅ ነበሩ።

ባለቤቴ ባቡሩ ሊያመልጠን ነው ብሎ ከበሩ ጠራኝ።

«ቆይ» አልኩት። «ቁርሷን ትጨርስ።»