እኔ ያስፈረምኩት ወረቀት

እና ምን ብዬ ልተርጉምላት፣ የስቴቱ መንግሥት ጠበቃ ቢሮው ውስጥ ወረቀቱን ወደ ኤልሳቤጥ ገፍቶ ይሄ ፊርማ ያንቺ ነው ወይ ብሏል፣ ሁለቱም እኔን ያያሉ፣ አስተርጓሚው እኔ ነኛ፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌው ጋሽ ማዕረግ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ እንግሊዝኛ ያውቃል የተባልኩ፣ ጉድ ፈላ።

ፊርማው የእሷ ነው። ያስፈረምኳት እኔ። አንድ ክራቫት ያሰረ ሰውዬ ከአምልኮ በኋላ ዶናት ይዞ መጣ፣ ጋዝ አለ፣ ድራይቨርስ አለ፣ ሌላው አልገባኝም፣ ሕዝቡ ፊት ድገምልኝ ማለት አፈርኩ፣ ሶ ማይኩን ያዝኩና ወገኖቼ ይሄ ለሲታክ ኤርፖርት ታክሲ ሾፌሮቻችን ነው፣ ቤንዚን እንዳይወደድ ነው፣ ፈርሙ አልኩ፣ ሽማግሌ ፈርሙ ካለ ማን ያነባል፣ ተሰልፈው ፈረሙ፣ ኤልሲም ለወንድሞቻችን ከሆነማ ብላ ፈረመች።

ለካ ወረቀቱ ለፌዴራሉ መንግሥት ድጋፍ ነው። ስቴቱ የነዳጅ ኩባንያዎቹን አየሩን አሙቃችሁ ሰው ገደላችሁ ብሎ ከሷል፣ ፌዴራሉ ደግሞ ስቴት በዚህ መክሰስ አይችልም ብሎ ስቴቱን ከሰሰ፣ ከሟቾቹ አንዷ የኤልሲ እናት ናቸው፣ እትዬ ወርቅውሃ፣ ማውንት ቤከር ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ በዚያ የጁን ሙቀት፣ መስኮቱ ከስንዝር በላይ አይከፈት፣ በሩን የሰበርነው እኔና ጎረቤታቸው ናሁም ነን፣ ራሳቸው ላይ ያደረጉት እርጥብ ፎጣ ደርቆ ነበር። ልጅቷ በስቴቱ ክስ ልትመሰክርላቸው ስትዘጋጅ እኔ በእናቷ ላይ አስፈረምኳት። ምነው ያኔ ምላሴን በቆረጠው።

ኖ ብልስ? አልፈረመችም ብልስ፣ አንዲት ቃል፣ ማን ያውቅብኛል፣ እሷ እንግሊዝኛ አትሰማ። ይሄን አሰብኩ እኮ፣ እኔ፣ እሑድ እሑድ ቃሉን የማነብ ሰውዬ፣ ቱ!

ምን አለ ጋሼ፣ ትላለች፣ ፊርማው ያንቺ ነው ወይ ነው የሚለው፣ አዎ፣ ለሾፌሮቹ የፈረምነው ነዋ፣ ጋሼ አንብበው ነው ያስረዱን፣ እሳቸው ሳያነቡ አያስፈርሙንም በሉልኝ፣ ትላለች ኮራ ብላ፣ ክንዴን ነካ አድርጋ።

ዋት ዲድ ሺ ሴይ፣ ምን አለች፣ ይላል ጠበቃው።

እሱ ይቆይ፣ መጀመሪያ ለእሷ። ኤልሲ፣ ልጄ፣ አላነበብኩትም፣ እንግሊዝኛው አልገባኝም ነበር፣ አልገባኝም ማለት አፍሬ ነው፣ ወረቀቱ እናትሽን ለገደለው ወገን ነው።

እጇ ከክንዴ ይነሳል፣ ቀስ ብሎ፣ ጭኗ ላይ ያርፋል፣ አትጮህም፣ ምነው ብትጮህብኝ፣ ምነው ብትሰድበኝ።

ይንገሩት፣ ትላለች፣ ሳታየኝ፣ ሰውዬው እየጠበቀ ነው።