በሽቦ የታሰረው መመጠኛ

መኪና ቀቢዋ አለቃዋን በሌሉበት «ገብጋባው» ትላቸው ነበር። የቀለም መርጫው ታንክ በአየር ጢም ብሎ ሳለ፣ የግፊት መመጠኛውን ቁጥር ሁለት ላይ በሽቦ ጠፍረው አንድም ቀን አላስነኳትም።

ጡረታ በወጡ ማግስት ሽቦውን በጥሳ መመጠኛውን እስከ ጥግ ከፈተችው። ቀለሙ ግማሹ በነነ፣ ግማሹ በምትቀባው የመኪና በር ላይ ተዝረከረከ። ታንኩ ሲጎድል ደግሞ መርጫው እንደ ጉንፋናም ያስል ጀመር። ለካ ታንኩ ሞላም ጎደለም፣ እጇ የለመደውን እኩል አየር ሲሰጣት የኖረው ያ የታሰረ መመጠኛ ነው!

በራሷ እየተናደደች ደወለችላቸው።

«ጋሼ፣ ለእኔው ብለው ኖሯል። እግዜር ይስጥልኝ!»

«ስንት በር አበላሸሽ?»

«አንድ።»

ከት ብለው ሳቁ። «ተባረኪ ልጄ! እኔ ለአለቃዬ የደወልኩት አራቱንም ካበላሸሁ በኋላ ነው።»