የራህመቶ እሺ

«የለቅሶ ቀን አይደለም፤ ደስ ይበላችሁ» አለ የቤቱ እንግዳ፣ ሰባኪው ገሠሠ፣ ዳሱ መሐል ቆሞ። «አቶ ራህመቶ ከመሞታቸው በፊት ጌታን ተቀብለዋል። እኔ ራስጌያቸው ተቀምጬ ነበር። ሦስት ጊዜ ጠየቅኋቸው፣ ሦስት ጊዜ እሺ አሉኝ። እሺ ይበልጣል ከሺህ ይባል የለ?»

ራህመቶ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። በደራና በዝዋይ መንገድ የመጡ ነጋዴዎች፣ የአዳማ ባቡር ጣቢያ ተሸካሚዎችና የሰፈሩ ሽማግሌዎች ምንጣፉን ሞልተውታል። አንዱ ነጋዴ አፉ ያደረሰውን ስኒ ሳይጠጣ መልሶ አስቀመጠው። ሟቹን አጥበው፣ ሰግደውበት የቀበሩት ሼኽ አብዱልጀባር መቁጠሪያቸውን ያዝ አደረጉት።

የሟቹ ሚስት ዲንቄ ከሴቶቹ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ ነበረች። ባሏ የሞተባት ሴት እንደ ወጉ ወንዶች መሐል አትወጣም፤ ጆሮዋን ግን ማን ይከለክለዋል? የሰማችውን ሰምታ መጀመሪያ የመጣባት ንዴት አልነበረም። ወጥ ውስጥ ፀጉር እንዳገኘች ሁሉ አንገሸገሻት። የባሏን የመጨረሻ ትንፋሽ ይህ ሰው አፍሶ በኪሱ ይዞት ሲዞር ቆይቶ፣ አሁን ለቀስተኛው ፊት አውጥቶ ያሳያል።

ገሠሠ ደግሞ ክፉ መልክ የለውም፤ የባሰ የሚያስጠላውም ይኸው ነው። ፊቱ በደስታ ያበራል። ሐዘንተኛውን ያጽናና መስሎታል።

ሼኹ ቀስ ብለው ተናገሩ። «እሺ ሲል ሌላ የሰማ ሰው አለ?»

«ሚስታቸው ነበሩ» አለ ገሠሠ። «ይጠየቁ።»

ዓይን ሁሉ ወደ መጋረጃው ዞረ። ዲንቄ መዋሸት አትችልም፤ ቃሉን በጆሮዋ ሰምታዋለች። «ብሏል» አለች። «ግን የሱ እሺ...» ብላ ሳትጨርስ ጉምጉምታው ዋጣት።

«እንግዲህ» አሉ ሼኹ፣ «ራህመቶን እወደው ነበር። በአላህ ፊት ግን አልዋሽም። ሰው ሃይማኖቱን ለውጦ ከሞተ እኔ ምሕረት ልለምንለት አይፈቀድልኝም። እስከ ሰባቱ ነገሩን እናጣራ። ካልጠራ፣ የሰባቱን ዱዓ እኔ አላደርግም።»

ዲንቄ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ገብቷታል። ሼኹ እጃቸውን ካላነሱ ማንም አያነሳም። ወሬው ከነጋዴው ጋር በበቅሎ ተጭኖ ደራ ይደርሳል፣ ዝዋይ ይደርሳል። ሃያ ዓመት ሙሉ በሩን ለሰው ከፍቶ የኖረው ባሏ፣ «በሞቱ ሰዓት የከዳ» ተብሎ ይቀራል፤ በስሙም አሚን የሚልለት አይኖርም።

በማግስቱ ለቀስተኛው ሳሳ። በአምስተኛው ቀን ዳሱ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ከአንድ እጅ ጣት አይበልጡም ነበር። ከጎረቤት ሳትቀር የመጣችው ሸዋወርቅ ናት፤ ከመንዝ የመጣች፣ ማተቧ ከአንገቷ የማይለይ፣ ምላሷም የማይታሰር ሴት።

«ይሄ ሰውዬ እኔንም መጥቶብኝ ነበር እኮ» አለች፣ ከዲንቄ ጎን ቁጢጥ ብላ። «ማተቤን እያየ፣ እያየ! ‹ክርስቶስን ያውቁታል ወይ?› አለኝ። ‹አንተ ሳትወለድ ነው የማውቀው፤ ይልቅ አንተን ማን ይወቅህ?› ብዬ በሩን ዘጋሁበት። አንቺዬ፣ የሰው ቤት ዘው ብሎ ገብቶ ‹አምላክህ ልክ አይደለም› ማለት ‹እናትህ እናት አይደለችም› ከማለት በምን ይለያል? ያሳደገው የለም።»

«ራህመቶ ግን በር አይዘጋም ነበር» አለች ዲንቄ። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚያ ነው።

ራህመቶ ከስልጤ አገር በበቅሎ ነጂነት የመጣ ሰው ነው። ከባቡሩ ጣቢያ ወዲያ፣ ከአርሲ እህልና ቆዳ ጭነው ለሚመጡ ነጋዴዎች ማረፊያ የሚሆን ግቢ አጠረ። ገሠሠ ባለፈው ክረምት የመጻሕፍት ሣጥን ተሸክሞ ከባቡር ሲወርድ ዝናቡ ያወርደው ነበር። አዲስ አበባ ነጮች ዘንድ ተምሮ፣ ወንጌል ስበክ ተብሎ የተላከ ነው። የሚያውቀው ሰው የለም። ራህመቶ ሃይማኖቱን ሳይጠይቅ አንዲት ክፍል ለቀቀለት። ሲገባም ወደ ዲንቄ ዞር ብሎ፣ «ለእንግዳው ሥጋ የማያውቅ አዲስ ድስት ለዪለት፤ ሽሮ ሥሪለት» አላት።

«እሱ መቼ ጠየቀ?» አለችው።

«ሳይጠይቅ እንወቅለት። እኛ ያረድነውን አይበላም። አልበላም ብሎ እንዲያፍር ለምን እናደርገዋለን?»

ዲንቄ ሦስት ወር ሙሉ በዚያ ድስት ሠራችለት። እንግዳው ግን አንድ ቀን እንኳ ለባለቤቱ ሃይማኖት ድስት አልለየለትም። ራት በቀረበ ቁጥር መጽሐፉን ይከፍታል። ራህመቶ ያዳምጣል፣ ይነቀንቃል፣ «እሺ» ይላል።

የራህመቶን እሺ ዲንቄ እንጂ ማንም አያውቀውም። አጭሯ እሺ «አይሆንም» ናት። በተጋቡ በዓመቱ «ይቺን ተራጋጭ በቅሎ ሽጣት» ብትለው «እሺ» አላት፤ በቅሎዋ ከነእርግጫዋ አሥራ አንድ ዓመት አብራቸው ኖረች። እጥፏ፣ «እሺ፣ እሺ»፣ «ደክሞኛል፣ ልተኛበት» ማለት ናት። ተስማምቶ እንደሆነማ እሺ አይልም፤ ተነሥቶ ያደርገዋል። ይሉኝታ የፈጠረው ሰው ነበር። እምቢ የምትል ቃል ከአፉ ወጥታ የሰው ፊት ስታጠቁር ከሚያይ፣ በቅሎ ብትረግጠው ይመርጣል። ዲንቄ በዚህ ጠባዩ ስንት ቀን ተናዳበታለች፤ ስንት ቀንስ ስቃበታለች።

ነገሩ የሆነው ንዳድ በጣለው ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። ገሠሠ መጽሐፉን ይዞ ገብቶ ራስጌው ተቀመጠ። ላቡ ግንባሩ ላይ የተንቆረቆረ፣ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰው ጆሮ ላይ ተደፍቶ «ጌታን ይቀበላሉ?» አለው። «እሺ» አለ ራህመቶ። ደገመው። «እሺ።» ሦስተኛ ሲለው «እሺ፣ እሺ» አለና ዓይኑን ወደ ዲንቄ አዙሮ፣ በደከመ ድምፅ «እንግዳው ምሳ በላ?» አላት። ከዚያ በኋላ አልተናገረም።

ዲንቄ ያን ጊዜ ሰውየውን በክንዱ ይዛ ማስወጣት ነበረባት። አላስወጣችም። ለእንግዳ ክፉ መናገር ነውር ነው ብላ ዝም አለች። አሁን ያ ዝምታዋ ራሱ ያቅለሸልሻታል።

በስድስተኛው ቀን ጠዋት ገሠሠን አስጠራችውና ከመጋረጃው ጀርባ ሆና አነጋገረችው።

«አቶ ገሠሠ፣ ባሌ እንግዳ ስለሆኑ ነው እሺ ያለዎት። ሼኹ ዘንድ ሄደው ተሳስቻለሁ ይበሉልኝ።»

«እንዴት እዋሻለሁ ወይዘሮ ዲንቄ? እሺ ማለታቸውን እርስዎም ሰምተዋል።»

«ነፍሱ ልትወጣ በሚያጣጥር ሰው ጆሮ መነዝነዝ ነውር አይደለም?»

«ቤት ሲቃጠል የተኛን ሰው መቀስቀስ ነውር ነው?» አለ ገሠሠ። ይህን ብዙ ቤት ተናግሮት ምላሱ ለምዶታል።

«ቤቱ እየተቃጠለ መሆኑን የሚያዩት እርስዎ ብቻ ነዎት። እኔ የማየው፣ ሰው ተኝቶ ሳለ እላዩ ላይ ቆሞ የሚጮህ ሰው ነው። ለመሆኑ ማን ጠራዎት?»

«እውነት ጥሪ አይጠብቅም። ነውርም አያውቅም» አለ በለሆሳስ፣ እንደሚያዝንላት ሁሉ።

ነውር የማያውቅን ነገር ምን ብለው ይመክሩታል? ከዚያ ለስላሳ ድምፁ ውስጥ የነበረው ሐዘኔታ ቆዳዋ ላይ እንደ ቅባት ተጣብቆ ቀረ። ውሃ አስመጥታ ፊቷን ታጠበች፤ አልለቃትም። «ነገ ሰደቃው ላይ ይገኙ» ብላ ብቻ አሰናበተችው።

በሰባተኛው ቀን በሬ ታረደ። የዳሱ ግማሽ ባዶ ነው። ሼኽ አብዱልጀባር መጥተዋል፤ ነገር ግን እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ዱዓ የሚያደርጉበት ምንጣፍ ሰው የለበትም። ገሠሠ መሐል ላይ ተቀምጧል። ምግቡ መዞር ሲጀምር ዲንቄ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። ሴቶቹ ከኋላዋ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ ሸዋወርቅ በነጠላዋ ልትይዛት ብትሞክር አመለጠቻት። ዲንቄ የተቀቀለ የበሬ ታፋ ያለበትን ሳህን ገሠሠ ፊት አኖረች።

«ይብሉ አቶ ገሠሠ። የባሌ ሰደቃ ነው።»

ገሠሠ ሥጋውን አየው። ነጮቹ ማንም ቢያርደው ሥጋ ያው ሥጋ ነው ብለው አስተምረውታል፤ እናቱ ግን ከነጮቹ ቀድማ አስተምራዋለች። «እሺ» አለ። እጁ ጭኑ ላይ ቀረ።

«ይብሉ እንጂ።»

«እሺ።»

ሰው ሁሉ መብላት አቁሞ ያያል። ዲንቄ አልተነቃነቀችም። ሰውየው ሥጋውን ላለማሽተት ፊቱን ዘወር ሲያደርግ አየችው። መጸየፉን አወቀችለት፤ እሷ አራት ቀን ሙሉ የኖረችበት ነገር ነው።

«አይቅርብኝ፤ ለባሌ ሲሉ ይብሉ» አለችው።

«እሺ፣ እሺ፣ እበላለሁ» አለና ዓይኑን ወደ በሩ ጣል አደረገ።

ዲንቄ ወደ ሼኹ ዞረች። «አባቴ፣ ሰምተዋል። እሳቸው ሦስት ጊዜ እሺ ብለዋል። እንግዲህ ገበያ ወጥቼ አቶ ገሠሠ የእስላም ሥጋ በሉ ብዬ ላውራ? ለእናታቸው መልእክት ልላክ?»

«አልበላሁም እኮ» አለ ገሠሠ፤ ፊቱ ደም ለበሰ።

«እሺ ብለዋል እኮ።»

«እሱማ... እርስዎን ላለማስቀየም ብዬ ነው እንጂ...»

ያለውን ራሱ ሰማው። ዳሱ ውስጥ የሳቀ ሰው የለም። አንድ ሽማግሌ ተሸካሚ ብቻ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሼኹ ተነሡ። «በቃ» አሉ። «ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልገንም። ልጄ፣ ሰውን ወደ ሃይማኖት መጥራት እኛም ዘንድ አለ። ግን የሚጠራው ጤነኛ ሰው ነው፣ እምቢ ብሎ ወደ ሥራው መሄድ የሚችል። እምቢ ለማለት አቅም ካጣ ሰው እሺታ አይወሰድም።»

ገሠሠ ተነሣ። መጽሐፉን በብብቱ ሸጉጦ ወጣ። ማንም አልሸኘውም። ሳህኑ ሳይነካ እዚያው ቀረ። ዲንቄ ያሸነፈች አልመሰላትም። ይህን ሁሉ ነገር ለማስረዳት የተቸገረችበት ሰው ከመሬት በታች ነው፤ ቢኖር ኖሮ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እንግዳ በማሳፈሯ ሳምንት ያኮርፋት ነበር።

ሼኽ አብዱልጀባር ምንጣፉ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን ዘረጉ። ዳሱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ እጁን ዘረጋ።

ዲንቄ ወደ መጋረጃው አልተመለሰችም። ሳህኑ አጠገብ ቁጭ አለች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ከውሃና ከጥቂት አጥሚት በቀር ከአፏ የገባ ነገር የለም። ሰውየው የተጸየፈውን ሥጋ በጣቷ አንሥታ ጎረሰች። ቀዝቅዟል፤ ጨው አንሶታል። አላመጠችው፣ አልወርድ አላት። ሼኹ የራህመቶን ስም ጠርተው ምሕረት ሲለምኑለት ሰዉ «አሚን» አለ። እሷ አሚን ማለት አልቻለችም፤ አፏ ሙሉ ነበር። ሞራ የነካውን እጇን ብቻ ከሰዉ ጋር ዘረጋች።