የገብስማዋ ደም

ገብስማዋ ዶሮ ያን ጠዋት እህል ሲበተን አልመጣችም። ሦስቱ ጓደኞቿ ተሯሩጠው ደርሰው እየተገፋፉ ሲለቅሙ፣ እሷ የልብስ ማጠቢያው ገንዳ ሥር ላባዋን ነፍታ፣ አንገቷን ሰብስባ ተቀምጣለች። የቤቱ ምራት የእህሉን ጣሳ እንደያዘች ጎንበስ ብላ አየቻት። ዶሮዋ ዐይኗን ገለጠች፤ መልሳ ከደነችው።

"ይቺ ነገር አላማረችኝም" አለች ምራቲቱ።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። የሸሚዙን ቁልፍ እየቆለፈ በበረንዳው ሲያልፍ ገንዳው ሥር አየት አደረገና፣ "ሳትሞትብን ብናርዳት አይሻልም?" አለ።

"የታመመ እንስሳ አይበላም!" የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። እናቱ ናቸው። መነጽራቸውን አጥልቀው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ወጡ። "መጀመሪያ ምን እንደያዛት ይታወቅ። አንተ ወደ ሥራህ ሂድ።"

ሾፌሩ ሄደ። ከእናቱ ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው እስካሁን አላጋጠመውም።

እናትየው ሠላሳ አንድ ዓመት በሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠርተዋል። የስንቱን ሰው ደምና ሰገራ በማይክሮስኮፕ እንዳዩ ቤት ይቁጠረው። ከመመርመሪያው መስታወት ላይ ዐይናቸውን ስለማይነቅሉ የሥራ ባልደረቦቻቸው "እትዬ መስታወት" ይሏቸው ነበር። ጡረታ ወጥተው፣ ባለቤታቸውም ካረፉ በኋላ ወደ ልጃቸው ቤት ከገቡ ሁለት ዓመት ሆናቸው። ከምራታቸው ጋር ተጣልተው አያውቁም። ተዋደው አያውቁም ቢባልም ውሸት አይሆንም። "እትዬ ይቅደሙ"፣ "ግድ የለም ልጄ" እየተባባሉ፣ አንዷ የሌላዋን ጥላ ላለመርገጥ እየተጠነቀቀች ሁለት ዓመት አለፈ።

ምራቲቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳሎኑ ጥግ በተተከለው የስፌት መኪናዋ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ዶሮዎቹ የእሷ ናቸው። ከጫጩትነት ጀምራ ያሳደገቻቸው፣ ቤታቸውንም ከአሮጌ ሳንቃ አስመትታ የሠራችላቸው እሷ ናት። አማትየዋ ስለ ዶሮ እርባታ አያውቁም። ነገር ግን በሽታ ከተባለ ጉዳዩ የእሳቸው ነው።

ገብስማዋን ከገንዳው ሥር አውጥተው ጭናቸው ላይ አስቀመጧት። ዶሮዋ አልታገለችም። አናቷ ላይ ያለው ሥጋ፣ ደህና በነበረችበት ጊዜ እንደ በርበሬ የሚቀላው፣ አሁን የታጠበ ጨርቅ መስሏል። የደረት አጥንቷ እንደ ቢላዋ ጀርባ እጅ ላይ ይሰማል።

"ተቅማጥ አላት?"

"ብዙም አላየሁባትም። ግን እትዬ፣ ማታ ማታ ወደ ቤታቸው አልገባም እያሉ ያስቸግሩኛል። ይሄው ሁለት ሳምንት ሆነ…"

"እንቁላል ትጥላለች?"

"ካቆመች ቆየች። ደግሞ እንቁላል ላወጣ እጄን ባስገባሁ ቁጥር ክንዴን ያሳክከኛል። ይዩትማ፣ እዚህ ጋ…"

"የጨርቅ አቧራ ነው" አሉ አማትየዋ ቀና ሳይሉ። "ቀኑን ሙሉ ጨርቅ ውስጥ ተቀብረሽ ምን ትጠብቂያለሽ? የሚዘጋ ብልቃጥ አምጪልኝ።"

ምራቲቱ እጅጌዋን መልሳ ብልቃጡን አመጣች። አማትየዋ ትኩስ ኩስ ጠብቀው፣ በእንጨት ጫፍ አንስተው ከደኑ። ከዚያ ቀሚሳቸውን ቀየሩ፤ ጫማቸውን ወለወሉ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንዲህ ፈጥነው ከቤት ወጥተው አያውቁም።

የሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ኃላፊ ድሮ እሳቸው ያሠለጠኗት ሴት ናት። ብልቃጡን አይታ፣ "የማን ነው?" አለች።

"የዶሮ።"

ኃላፊዋ ልትስቅ ከጀላት፤ ዋጥ አደረገችው። ሠራተኞቹ ለምሳ እስኪወጡ አስጠብቃ፣ ጥግ ላይ ያለውን አሮጌ ማይክሮስኮፕ ለቀቀችላቸው። አማትየዋ ወንበሩን ወደ ቁመታቸው አስተካከሉ። ኩሱን በጨው ውሃ በጥብጠው፣ ከላይ የተንሳፈፈውን በመስታወት አንስተው ዐይናቸውን ደቀኑ። ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች፣ አንድም ቦታ ሳይዘሉ ሄዱ። ከብዙ ፍለጋ በኋላ አንድ የወስፋት እንቁላል አገኙ። ሌላ አንድ ጨመሩ። መስታወቱ አለቀ።

ሁለት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ። በሥራ ዘመናቸው ቢሆን "ጥቂት" ብለው ጽፈው ሐኪሙ የቀረውን እንዲያስብበት ይተዉለት ነበር። የዚያን ቀን ግን ደስ ብሏቸዋል። ዐይናቸው አልከዳቸውም፤ ወንበሩም አልረሳቸውም። ወደ ቤት ሲመለሱ የእንስሳት መድኃኒት መደብር ገብተው የወስፋት መድኃኒት ያዙ።

"ወስፋት ነው" አሉ በሩን ገና ሳይሻገሩ።

ማታ ልጃቸው ታሪኩን ሲሰማ ሳቀ። "ዶሮ ብታልም ጥሬዋን አሉ። አንቺም እማዬ፣ ጡረታ ወጥተሽም ከሰገራ አልተላቀቅሽም?"

"ሳቅ አንተ" አሉ እሳቸው፤ አልተቀየሙም።

ገብስማዋን በከረጢት አድርገው በዱቄት ሚዛን መዘኗት፤ አንድ ኪሎ ከሁለት መቶ ግራም። መድኃኒቱን በክብደቷ ልክ ቀንሰው፣ በመርፌ አልባ ሲሪንጅ ምንቃሯ ጥግ ጠብ ጠብ አደረጉላት። ሥራው ንጹህ ነበር። እንቁላል እንዳይበላም አዘዙ፤ ከየትኛዋ ዶሮ እንደሚወጣ ስለማይታወቅ ምራቲቱ የሁሉንም ጣለች።

በሦስተኛው ቀን ገብስማዋ መቆም አቃታት። ከቀሩት ዶሮዎች የአንዷ፣ የቀይዋ፣ አናትም መገርጣት ጀመረ።

"መጠኑ አንሷታል" አሉ አማትየዋ። "እንድገማት። ለሌሎቹም እንስጥ።" ሲሪንጁን ይዘው ተነሡ።

ምራቲቱ የስፌት መኪናዋን አቆመች። "አይሆንም እትዬ" አለች።

አማትየዋ የሰሙት ነገር ወዲያው አልገባቸውም። "ምን አልሽ ልጄ?"

"አይሆንም። ከሰጧት በኋላ ባሰባት እንጂ አልተሻላትም። ዶሮዎቹ የእኔ ናቸው። ወደ እንስሳት ሐኪም እወስዳታለሁ።"

ሁለት ዓመት ሙሉ "እሺ" ብቻ ያለ አፍ ነውና ቃሉ ከበደው። ገብስማዋን ቅርጫት ውስጥ በቁራጭ ጨርቅ ጠቅልላ ወጣች። አማትየዋ ነጠላ ጫማቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ተከተሏት።

የእንስሳት ሐኪሙ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ቦት ጫማ ያደረጉ ሰው ናቸው። ከላሞችና ከውሾች መካከል ዶሮ ይዞ መምጣት ብዙም የተለመደ ስላልሆነ ቅርጫቱን ሲያዩ ቅንድባቸውን አነሡ። ቢሆንም አልናቁም። የዶሮዋን የታችኛውን የዐይን ቆብ ገልጠው አዩ። አንገቷ ሥር ያለውን የእህል ቋት ዳበሱ፤ ባዶ ነው። ክንፏን አንስተው ላባውን እፍ ብለው ከፈሉና ቆዳውን መረመሩ።

"ደሟ አልቋል" አሉ። "ከምን እንደሆነ እንፈልግ።"

"ወስፋት አለባት" አሉ አማትየዋ። "በማይክሮስኮፕ አይቻለሁ። የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ።"

ሐኪሙ በአክብሮት ዞሩ። "ጥሩ አድርገዋል። ስንት አዩ?"

አማትየዋ ብዙ ነው ቢሉ የሚያጣራባቸው የለም። መስታወቱ ታጥቦ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል።

"ሁለት።"

"ከሙሉው መስታወት?"

"ከሙሉው መስታወት።"

ሐኪሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። "ሁለት እንቁላል የጣሉ ወስፋቶች ይህን ያህል ደም አያደርቁም። እነሱ የሚሻሙት የበላችውን እህል ነው።" ወደ ምራቲቱ ዞሩ። "የት ነው የሚያድሩት? ቤታቸውን የምታጸጂው አንቺ ነሽ?"

"አዎ። የሳንቃ ቤት ነው።"

"ማታ በደህና ይገባሉ?"

ምራቲቱ አማትየዋን አየት አደረገች። "አይገቡም። በግድ ነው የማስገባቸው። ደግሞ እኔንም ያሳክከኛል" ብላ እጅጌዋን ጠቀለለች። ክንዷ ላይ ከእጅ አንጓዋ እስከ ክርኗ ቀያይ ነጠብጣቦች ተደርድረዋል።

"ቅንቅን ነው" አሉ ሐኪሙ። "ግን ቀን ዶሮዋ ላይ አይገኝም፤ እንጨቱ ስንጥቅ ውስጥ ይተኛል። ሲመሽ ወጥቶ ደም ይጠጣል፤ ሳይነጋ ይመለሳል። ቤት ስትደርሱ ነጭ ጨርቅ ያዙና የቆጡን ሥር ጥረጉት። የምታዩት ይነግራችኋል።" ከዚያ ዱቄት መድኃኒትና የሚጠጣ ቫይታሚን ሰጧቸው። ዱቄቱ እንዴት እንደሚነፋ፣ በሰባተኛው ቀን ለምን እንደሚደገም፣ እንቁላሉ እስከ መቼ እንደማይበላ አንድ በአንድ አስረዱ። "አራቱንም አክሙ። ያልታመመች የምትመስለውንም።"

ቤት እንደደረሱ ምራቲቱ ከገበር ጨርቋ ነጩን ቀድዳ ወደ ዶሮዎቹ ቤት ገባች። ዶሮዎቹ የሚሰፍሩበትን አግዳሚ እንጨት ከሥሩ ጠረገችው። ጨርቁን ስታወጣው ቀይ መስመር ተሰምሮበታል፤ ጣቱን በመርፌ የተወጋ ሰው ደሙን የጠረገበት ይመስላል። መስመሩ አጠገብ ከአሸዋ የደቀቀ ነገር ይርመሰመሳል።

አማትየዋ ጨርቁን ተቀብለው ወደ ብርሃን ያዙት። መነጽራቸውን ከፍ፣ ዝቅ አደረጉ። ያለ ማይክሮስኮፕ እግሮቹ ይታያሉ። ረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ ጨርቁን አስቀምጠው የምራታቸውን ክንድ ያዙ፤ እጅጌዋን ራሳቸው ጠቀለሉ።

"ነግረሽኝ ነበር" አሉ። "አልሰማሁሽም።"

ምራቲቱ ሌላ ጊዜ ቢሆን "ግድ የለም እትዬ" ትል ነበር። "አዎ" አለች።

"የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ሩቅ ሄጄ ሳይ አጠገቤ ያለው አመለጠኝ።"

"አሁንማ እውነተኛውን ቆጥ እናውርድ" አለች ምራቲቱ። አማትየዋ መጀመሪያ አልገባቸውም፤ ሲገባቸው ሳቁ።

አወረዱት። የዶሮዎቹን ጭድ ጓሮ ጥግ አቃጠሉ። ሳንቃው ላይ የፈላ ውሃ እየደፉ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈተጉት። ፀሐይ ካደረቀው በኋላ አማትየዋ ስንጥቁን አንድ በአንድ በስቱኮ ደፈኑ፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች። ምራቲቱ ዶሮዎቹን እየያዘች ዱቄቱን ከክንፋቸው ሥር፣ ከጅራታቸው ዙሪያ ነፋች። ቤታቸው እስኪደርቅ አራቱም በካርቶን ሆነው ሳሎን ገቡ።

ሾፌሩ ከሥራ ሲመለስ የዩኒፎርም ቁልል አጠገብ ዶሮዎች ተደርድረው አገኘ። "እነዚህ ደግሞ ክፍል ስንት ገቡ?" ብሎ ጠየቀ። እናቱና ሚስቱ ገብስማዋን መሐል አድርገው ስለ ቫይታሚኑ አሰጣጥ እየተከራከሩ ነበር። አንዷ "በጠብታ ነው"፣ ሌላዋ "በማንኪያ ይሻላል" ትላለች። በማንኪያ ሆነ።

ገብስማዋ አምስት ቀን ሳትቆም ቆየች፤ ትሞታለች ያሉበት ሰዓትም ነበር። የተፈጨ እህል በውሃ ለውሰው፣ ቫይታሚኑን ጨምረው በየሁለት ሰዓቱ አበሏት። በአምስተኛው ቀን የአናቷ ሥጋ ፈዘዝ ያለ ሮዝ ቀለም አወጣ። በስድስተኛው ቀን ቆማ የእህሉን ጣሳ በምንቃሯ ነካ ነካ አደረገች።

በዚያው ቀን ጥቁሯ ዶሮ ሞተች። ጥቁሯን ማንም አላሰባትም ነበር። ዱቄት ተነፍቶላታል እንጂ ቫይታሚን አልተሰጣትም፤ ሁልጊዜ ዳር የምትቆም፣ የተረፈ የምትበላ ዶሮ ስለሆነች መክሳቷን ያየ የለም። ላባዋ ጥቁር፣ ፊቷም ጠቆር ያለ ስለነበር መገርጣቷ አልታወቀም። ጠዋት ካርቶኗ ውስጥ በጎኗ ተኝታ ተገኘች። ምራቲቱ ጓሮ ቀበረቻት። አማትየዋ አካፋውን ያዙላት። "አራቱንም ብለውን ነበር" አለች ምራቲቱ፤ "ብለውን ነበር" አሉ አማትየዋም።

በሰባተኛው ቀን ዱቄቱ ተደገመ። ነጩ ጨርቅ እንደገና ወደ ቦታው በተመለሰው ቆጥ ሥር ሲሳብ ሁለት ነጥብ ብቻ አሳየ፤ በሳምንቱ ምንም። የምራቲቱ ክንድ ዳነ። ቀይዋ ቶሎ ተመለሰች። ገብስማዋ እንደገና እንቁላል የጣለችው ከአንድ ወር በላይ ቆይታ ነው፤ ትንሽ፣ ቅርፊቱ ሸካራ እንቁላል።

የቤቱ ሁኔታ ግን እንደ ዱሮው አልሆነም። ምራቲቱ "አይሆንም" ማለት ለመደች። ሬዲዮው ጮኸ ትላለች፤ መስኮቱ ይከፈት ትላለች፤ ወጡ ጨው በዝቶበታል ሲሏት አልበዛበትም ትላለች። አማትየዋም ሁልጊዜ አይወዱላትም፤ አንዳንድ ቀን እስከ ምሳ ያኮርፋሉ። ከምሳ በኋላ ግን ወንበራቸውን ከስፌት መኪናው አጠገብ ያስጠጋሉ፤ ቁልፍ ይተክላሉ፤ ያኮረፉበትን ነገር እንደ አዲስ ያነሡታል።

"ድሮ ቤቱ ጸጥ ያለ ነበር" ይላል ሾፌሩ።

ሁለቱም አይሰሙትም። አሁን የተያዙት በአሮጌው ምትክ በሚሠሩት አዲስ የዶሮ ቤት የአየር መግቢያ ነው። አንዷ ሰፋ ይበል፣ ሌላዋ ብርድ ይገባል ትላለች። መጋዙ መሬት ላይ ተጥሎ፣ ሦስቱ ዶሮዎች ያልተጨረሰው ቤት ውስጥ ራሳቸው ገብተው ተቀምጠዋል።