ለአረካ የተሰጠ ስም

ነርሷ በሩን ከፈት አድርገው "ጦና!" ብለው ለሦስተኛ ጊዜ ሲጣሩ ነው ደገፉ፣ ጦና የተባለው እሱ ራሱ መሆኑ ትዝ ያለው። ጠዋት ካርድ ሲያወጣ የአጎቱን ስም ሰጥቶ ነበር። ኮፍያውን ወደ ግንባሩ ስቦ ገባ።

ሶዶ ጤና ጣቢያ ጠፍቶ አይደለም አረካ ድረስ በሚኒባስ የመጣው። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ደግሞ የሁለቱን የኤችአይቪ ምርመራ ወረቀት ሳያዩ አያጋቡም። በሰፈሩ ጤና ጣቢያ ደም የሚቀዳው ቃለሕይወት ግን መዘምራን ውስጥ ጎኑ የሚቆም ነው። ካፍ ከወጣ አፋፍ። የወረቀቱ ነገር ብቻ ቢሆን ግድ አልነበረውም፤ እንቅልፍ የነሳው ባለፈው ወር ብልቱ ላይ ወጥቶ፣ ሳያመው የጠፋው ቁስል ነው። ለመምህራን ስልጠና ቢጠና ከተማ የሰነበተ ጊዜ የሠራውን እሱና አንዲት ሴት ያውቃሉ።

ሲስተር ፈጠነች ምራቃቸውን የዋጡ ሴት ናቸው፤ ነገር አያንዛዙም።

"ከኤችአይቪ ነፃ ነህ። ቂጥኝ ግን ተገኝቶብሃል።"

ደገፉ ጌታን ሊያመሰግን የከፈተው አፉ እንደተከፈተ ቀረ።

"አይዞህ፣ በመርፌ ይድናል፤ ዛሬውኑ ትወጋለህ። በሽታው ከያዘህ ወዲህ አብራህ የተኛች ካለች ግን እሷም ትመርመር።"

"የለችም።"

"የለችም?"

"ሠርጌ በሦስት ሳምንት ነው፣ ሲስተር።"

"እሱን አልጠየቅኩህም፣ ልጄ።"

ሽማግሌዎቹ የሚጠይቁት ስለ አንዱ በሽታ ብቻ ነው። መርፌውን ተወግቶ፣ ሆድ ይፍጀው ብሎ ቢሄድ ማን ያውቃል? ግን እጮኛው ኢየሩሳሌም ነበረች። እናቷ ለቅሶ የሄዱ ዕለት አባብሎ ያሳሳታት እሱ ነው። እሷ ግን ጥፋቱን ለብቻዋ ወስዳ፣ ሁለት ሳምንት ጾማ አልቅሳበታለች። ያን ሲያስብ ራሱን ተጸየፈ።

"ሳታውቅ ብትቀርስ?" አለ ቀስ ብሎ።

"ቁስሉ ይጠፋል፣ በሽታው አይጠፋም። ስታረግዝ ለልጇም ይተርፋል።" ሲስተር ፈጠነች ወረቀት ሳቡ። "የምርመራ መጥሪያ ልጻፍላት። እዚያው ሶዶ ትታከምበታለች። የበሽታው ስም አይጻፍበትም። ይኸው፣ ያንተ የኤችአይቪ ውጤት ደግሞ።"

ወረቀቱን አየው። ጦና ይላል። ይህን ይዞ ቢሄድ ሽማግሌዎቹ የሚድሩት የሰባ ዓመት አጎቱን ነው። ሳቅ ሳይሆን እንባ መጣበት።

"ስሜን ያርሙልኝ፣ ሲስተር። ደገፉ ነኝ።"

"ጠርጥሬ ነበር፤ ሦስቴ ተጠርቶ የማይነሳ ሰው። የእሷስ?"

"ኢየሩሳሌም።"

መርፌውን ተወግቶ ሲወጣ እያነከሰ ነበር። በሩ ላይ ቆሞ ደወለላት።

"አገኘህ ወረቀቱን?" አለች።

"እሱ ይቆይ። በድዬሻለሁ፣ ኢየሩስ። ቢጠና ከሌላ ሴት በሽታ ይዤ መጥቻለሁ፤ ላንቺም አስተላልፌ ይሆናል።"

ስልኩን እንዳትዘጋው ፈራ።

"ልትጠይኝ ትችያለሽ" አለ። "ግን ተመርመሪ። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያው በር ላይ እጠብቅሻለሁ።"

"የት?" አለች። "አረካ?"

"አይ፣ የሰፈራችን።"

"ቃለሕይወት ያየናል እኮ።"

"ይየን" አለ ደገፉ።